ያላለቀ መስመር በ2 ሜትር መደርደሪያ ላይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ዛሬ ነው ያየሁት። አዳማ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነኝ፣ ግድግዳ ላይ 2 ሜትር በ40 ሳንቲ ቦታ አለኝ፣ የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያን የባቡር መስመር በሞዴል መሥራት እፈልጋለሁ፣ በምን መጠን ልጀምር ነው ያልከው። መጠኑ ይቆየን። ቀድመህ ሀዲዱ የት ላይ እንደሚቆም ወስን።

ለምን መሰለህ፣ መስመሩ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ነው። በ1፡160 ብታሳንሰው እንኳ 2.4 ኪሎ ሜትር ይመጣል። አዋሽንም ኮምቦልቻንም ሐራንም እዛች መደርደሪያ ላይ ላጭቅ ካልክ አንዱም ራሱን አይመስልም። እኔ ብሆን ከኮምቦልቻ ወዲያ አንድ ቦታ ፈጥሬ፣ ሀዲዱ አልቆ ባዶው የአፈር መደብ ብቻ የሚቀጥልበትን እሠራለሁ። ሰው ያላለቀ መስመር ሲባል ባቡር የሌለበት ይመስለዋል። ግን በግንባታ ላይ ያለ መስመር ሥራ የበዛበት ነው፤ ሀዲድ፣ ሀዲዱ የሚያርፍበትን የኮንክሪት አግዳሚና ጠጠር የጫነው ባቡር ጫፍ ድረስ ይሄዳል፣ ያራግፋል፣ ባዶ ፉርጎዎቹን ይዞ ይመለሳል። ለሞዴል ከዚህ የተሻለ ሰበብ ከየት ይመጣል? ባቡርህ የሚሄድበትም የሚመለስበትም ምክንያት አለው፣ ክብ ሀዲድ አያስፈልግህም። ደግሞም 40 ሳንቲ ላይ ክብ አይገባም፤ ኤን በሚባለው በ1፡160 መጠን እንኳ 28 ሳንቲ ራዲየስ ብትይዝ ወርዱ 60 ሳንቲ ይጠጋል።

አሁን ወደ መጠኑ። ኤን፣ ማለትም 1፡160፣ ይሻልሃል። መስመሩ ስታንዳርድ ጌጅ ነው፣ በሁለቱ ሀዲዶች መካከል 1,435 ሚሊ ሜትር፤ በኤን 9 ሚሊ ይሆናል። ኤችኦ (1፡87) ላይ 16.5 ሚሊ ነው፣ ያምራል፣ ግን ቦታህን ይበላብሃል። የድሮውን የጅቡቲ ባቡር ማለትህ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ነበር፤ እሱ ባለ 1 ሜትር ጌጅ ስለሆነ በኤችኦ መጠን 12 ሚሊ ሀዲድ ይፈልጋል። እግረ መንገዴን፣ በንጉሡ ዘመን ከናዝሬት ወደ ዲላ ቅርንጫፍ ሊዘረጋ ታስቦ ሳይሠራ ቀርቷል። የራሳችንን ከተማ የሚነካ ነገር ካማረህ እሱንም አስብበት።

አቀማመጡ እንዲህ ይሁን። ግራ ጫፍ ላይ 45 ሳንቲ ያህል ከተራራ ጀርባ ደብቅ። አዋሽ እዛ ነው እንበል። ባቡሩ ከዋሻ ይወጣል፣ ሁለት መገንጠያ ያገኛል፣ ሦስት መስመር ይሆናል። እንግሊዞቹ ኢንግልኑክ የሚሉት ጨዋታ እዚህ ይገባል፦ አንዱ መስመር አምስት ፉርጎ፣ ሁለቱ ሦስት ሦስት ይይዛሉ። ስምንት ፉርጎ አስገባ፣ አምስቱን በዕጣ በወጣው ቅደም ተከተል ደርድር። ቀላል ይመስላል፣ ማታህን ይወስድብሃል። ረጅሙ መስመር ይቀጥልና ከቀኝ ጫፍ ግማሽ ሜትር ሲቀረው ሀዲዱ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ አግዳሚ ብቻ፣ ከዚያ መደብ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ ወለል ያልተጫነበት የድልድይ ምሰሶ።

ሌላው ጥቅሙ ኤሌክትሪኩ ነው። እውነተኛው መስመር የታቀደው በ25 ኪሎ ቮልት እንዲሠራ ነው፣ በኤን መጠን ከሀዲዱ በላይ ሽቦ መዘርጋት ደግሞ ዓይን ያጠፋል። የግንባታ ባቡር ግን በናፍጣ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የሽቦውን ምሰሶ ትከል፣ ሽቦውን ግን እርሳው። ማንም ቀረ አይልህም።

ለመደቡ አዳማ ተቀምጠህ ዱቄት ከውጭ እንዳታስመጣ። ቀይ አሽ እያለ! ትንሽ ውቀጥና በሻይ ማጥሊያ ንፋው። ያለፈው ደቃቅ ለአፈሩ፣ የቀረው ለድንጋይ ክምር። ሀዲድ ላይ ያለው ጠጠር ግን ግራጫ ይሁን፣ ቀይ ከሆነ ያስቃል። አንድ ነገር አደራ፦ ቀይ አሽ ውስጥ ብረትነት ያለው ብናኝ አለ። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በላስቲክ ጠቅልለህ አሹ ላይ አመላልሰው፤ ጥቁር ጢም የመሰለ ነገር ይለጠፍበታል። ያ ሞተሩ ውስጥ ከገባ ሎኮሞቲቭህ አለቀላት። ከዚያ አሹን በውሃ በቀጠነ ኮላ አጣብቅ፣ ሌሊቱን ይደር።

ከታች በሞራሌ ላይ ኮምፔንሳቶ ይበቃል፣ ተራራውን በፎምና በጀሶ ሥራው። ሞተሩ 12 ቮልት ዲሲ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ በባትሪም ይሄዳል። ሀዲድና መገንጠያ ላይ ግን አትቆጥብ፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህ መጀመሪያ እነሱን አስመጣ፤ ፉርጎ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ኮምፔንሳቶውን ከመቁረጥህ በፊት የግድግዳውን ፎቶ ላክልን። የክፍሉ በር በቀኝ በኩል ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ የድልድዩን ምሰሶ በመጀመሪያው ቀን ነው የሚገጨው፣ አቀማመጡን መገልበጥ አለብን።