ዕቃ ከመላካችሁ በፊት ሲስተሯን ጠይቋት

ወገኖቼ፣ አሜሪካ ስኖር 19 ዓመቴ ነው፤ ሥራዬም ነርስነት ነው። ይሄን የምላችሁ ራሴ ተሳስቼ ስላየሁት ነው።

ከጓደኞቼ ጋር አዋጥተን የኦክስጅን ማሽን ገዛን፣ በኮንቴይነር ጭነን ሰሜን ሸዋ ላለ አንድ ጤና ተቋም ላክን። ለእረፍት ስሄድ ላየው ጓጉቼ ነበር። ኮሪደር ጥግ ላይ ፕላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድ ቆሟል። የአሜሪካ ማሽን የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፣ የአገራችን መብራት 220 ነው። ትራንስፎርመር እንግዛለት አልኩ። የሕክምና መሣሪያዎችን የሚከታተለው የባዮሜዲካል ባለሙያ በትዕግሥት አስረዳኝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ የመብራቱን ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ከኛ 50 ኸርዝ ወደ አሜሪካው 60 አይቀይረውም፤ ደግሞም እንዲህ ያለ ማሽን ከፍታ ሲጨምር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ መንዝ ውስጥ ከ3,000 ሜትር የሚያልፍ አገር ሞልቷል። ቀድሜ ብደውልለት ኖሮ ይሄን ሁሉ በአምስት ደቂቃ ይነግረኝ ነበር።

በዚያው ቀን አንዲት ወላድ በቃሬዛ ተሸክመው አመጡ። አራቱ ይሸከማሉ፣ አራቱ ተራ ይጠብቃሉ። አምቡላንስ ነበረ፣ ነዳጅ ግን አልነበረውም። ሌሊቱን ተረኛ ያደረችው ሲስተር ወደ ቤቷ ልትሄድ በር ላይ ነበረች፤ ቦርሳዋን መሬት ጥላ ተመለሰች። ወሊድ በመንግሥት ጤና ተቋም ነፃ ነው። ጓንት ሲያልቅ ግን ባልየው «ከውጭ ግዛ» ይባላል፣ እሱ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ያለው የመመለሻ ትራንስፖርት ብቻ ነው። እግዜር ይመስገን፣ እናትም ልጅም ተረፉ።

መድኃኒት የምትልኩም ብትሆኑ፣ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ አገር ሲገባ ቢያንስ 1 ዓመት ሊቀረው ይገባል ይላል። ከቤት የተረፈ ኪኒን በሻንጣ አትላኩ።

ከዕቃ ሌላ ልንረዳበት የምንችለው ዋናው ነገር ደግሞ ጤና መድህን ነው። በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ ገበሬው ቤት ገብቷል። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላል፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታከማል፣ ከአቅም በላይ ሲሆን በሪፈር ሆስፒታል ይሄዳል። ለፋሲካ በግ መግዣ እንልካለን፣ ለለቅሶ እንልካለን፣ የመድህን ደብተሩ መታደሱን ግን ስንቶቻችን እንጠይቃለን? መዋጮው ያልተከፈለለት ሰው በሬውን ሸጦ ነው የሚታከመው። ስትደውሉ «እማዬ፣ የመድህን ደብተርሽ ታደሰ?» በሏት። ሪፈር ሳትይዝ ደብረ ብርሃን ድረስ እንዳትወስዷት፣ ከኪሷ ልትከፍል ትችላለች።

ጎረቤቷንም አትርሱ፣ ውጭ ልጅ የሌላትን። ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የተጠለሉትንማ ማን ይደውልላቸዋል? እኔ በግሌ ከእናቴ መዋጮ ጋር የሁለት ቤተሰብ እልካለሁ፣ ከአንድ ወር የኢንተርኔት ክፍያዬ አይበልጥም።

መንገድ ሲዘጋ፣ ደሞዝ ሲዘገይ፣ እዚያው የሚቆዩት እንደ ሲስተሯ ያሉ የጤና ባለሙያዎች ናቸው። ስለዚህ ቡድናችን አሁን ሳይጠይቅ ምንም አይገዛም። ባለፈው ሳምንት ለሲስተሯ ደውዬ ምን እንላክ አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ጓንት። ቁጥር 7 ይሁን፣ ትልቁ እጄ ላይ እየተንሸራተተ ስፌት ያስቸግረኛል» አለችኝ። አዲስ አበባ ገዝተን በማግስቱ በሚኒባስ ላክንላት።