አንድ ጠረጴዛ፣ የተለያየ ፍላጎት፦ ስለ ዲ ኤንድ ዲ አጨዋወት ጥያቄና መልስ

ስለ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (ዲ ኤንድ ዲ) እና መሰሎቹ ጥያቄ ላኩ ብዬ ነበር። እነዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን፣ እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕሪ ሆነን፣ አንድ ሰው እየመራንና ዳይስ እየጣልን የምንጫወታቸው የምናብ ጨዋታዎች ናቸው። ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት አንድ ነገር ነው፦ «ከጓደኞቼ ጋር አንድ ዓይነት ጨዋታ የምንጫወት አይመስለኝም።» ስለዚህ የዛሬው በሙሉ በእሱ ላይ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ ገና ጀማሪ ነኝ። ሕጉ ለሁሉም አንድ ከሆነ አጨዋወቱ እንዴት ይለያያል?

ሰው ለተለያየ ነገር ነው የሚቀመጠው። አንዱ ጭራቅ ገጥሞ ማሸነፍ ይወዳል። አንዷ የገጸ ባሕሪዋን ፍቅርና ቂም መኖር ትፈልጋለች። ሌላው ያልታወቀ ዋሻ ውስጥ ገብቶ ካርታ ሲስል ደስ ይለዋል። ክርክሩ የቆየ ነው። ጨዋታው በ1974 ሲወጣ ፈጣሪዎቹ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የመጡት በትንንሽ የወታደር ምስሎች ውጊያ ከሚጫወቱ ሰዎች መካከል ነበር። ብዙም ሳይቆይ ታሪክ የሚፈልጉ ተጫዋቾች መጡ። በ1980 ግሌን ብላኮ የሚባል ጸሐፊ አጨዋወቱን በ4 ከፈለው፦ ጉልበት ማካበት፣ ገጸ ባሕሪ መሆን፣ የውጊያ ስልትና ታሪክ። ክፍፍሉ ዛሬም ይሠራል፤ አብዛኛው ሰው ግን የሁለት ወይም የሦስቱ ቅልቅል ነው።

እኔ አንድን ጠረጴዛ ለመረዳት የምጠይቀው ጥያቄ ይቀልላል፦ እዚህ የሚሸለመው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የእኛ ቡድን ሁሉን ነገር በውጊያ ነው የሚጨርሰው። ከጠላት ጋር ልነጋገር ስል ሌሎቹ ሰይፍ ይመዛሉ። ቡድን ልቀይር?

እህቴ፣ ቆይ አትቸኩዪ። መጀመሪያ ዲኤማችሁ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራው ሰው፣ ገጸ ባሕሪን የሚያሳድገውን የልምድ ነጥብ የሚሰጠው ለምን እንደሆነ እዪ። ለተገደለ ጭራቅ ብቻ ከሆነ ጓደኞችሽ የሚሸለሙበትን ነው የሚያደርጉት። አይፈረድባቸውም።

በድሮው ሕግ ከዋሻ ይዘሽ የወጣሽው 1 የወርቅ ሳንቲም 1 የልምድ ነጥብ ነበር። ጭራቅ መግደል የሚያስገኘው ከዚያ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች ውጊያ ይሸሻል። ጠባቂውን በጉቦ ይይዘዋል፣ ያታልለዋል፣ ተኝቶ ሳለ ወርቁን ይዞ ይወጣል። ከዚህም በላይ ዲኤሙ ጭራቆቹ ሲታዩ 2 ባለ 6 ገጽ ዳይስ ጥሎ ስሜታቸውን ያያል። 2 ከወጣ ወዲያው ያጠቃሉ። 12 ከወጣ ወዳጅ ይሆናሉ። በመካከል ያለው እንደ ቁጥሩ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ግን ለንግግር ክፍት ነው።

በ2000 የወጣው 3ኛ እትም ዋናውን ነጥብ ፈተናን ለማለፍ ሰጠው። በብዙ ጠረጴዛ ይህ በተግባር ውጊያ ሆነ። ሕጉ ግን ውጊያ ብቻ አይልም። ለዲኤምሽ «ጠላትን በምላስ ካለፍነው ሙሉ ነጥብ ስጠን» በይው። ያን ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክራችሁ ምንም ካልተለወጠ ያኔ ሌላ ቡድን ፈልጊ።

ጥያቄ፦ የድሮ ስልት የሚወድ ጓደኛችን ሲመራ ገጸ ባሕሪዎቻችን እንደ ቅጠል ይረግፋሉ። ሰው ይህን እንዴት ይወዳል?

እኔ እወደዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳ። በ1981ዱ ሕግ ጀማሪ አስማተኛ የሕይወት ነጥቡን የሚያገኘው ከአንድ ባለ 4 ገጽ ዳይስ ነው። አስማቱ በቀን አንድ ነው። ነጥቡ 0 ሲገባ ይሞታል፤ አለቀ። ዛሬ በብዛት በሚጫወቱት በ5ኛው እትም 0 ሲገባ ራሱን ይስታል። ከዚያ በየተራው ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጥላል፤ 10ና ከዚያ በላይ ይበጀዋል። ሦስቴ ከተሳካለት ይተርፋል፣ ሦስቴ ካልተሳካለት ይሞታል። ጓደኞቹም በመሃል ደርሰው ሊያነሱት ይችላሉ።

ሁለቱ ሕጎች የተሠሩት ለተለያየ ሰው ነው። በድሮው ገጸ ባሕሪ ለመሥራት ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ ስለዚህ ሞቱ ያን ያህል አያም። የሚያድገው የአንተ የተጫዋቹ ብልሃት ነው። በ1974ቱ ሕግ «ወጥመድ ማግኘት» የሚባል ችሎታ አልነበረም፤ ሌባ የሚባለው ሙያ ራሱ የመጣው በማግስቱ ዓመት ነው። ታዲያ ወጥመድ እንዴት ይገኝ ነበር? በመጠየቅ። «ወለሉ ላይ ውሃ አፈሳለሁ፤ ወዴት ይሰርጋል?» ትላለህ። ዲኤሙ አስቦ ይመልስልሃል። ለእኔ ከዚህ የበለጠ የሚያስደስት ጨዋታ የለም።

ነገር ግን አንዷ ተጫዋች የገጸ ባሕሪዋን የልጅነት ታሪክ ሦስት ገጽ ጽፋ ከመጣች በመጀመሪያው ምሽት በጉድጓድ መግደል ግፍ ነው። ጓደኛችሁ ጥፋቱ የድሮውን ስልት መውደዱ ላይ አይደለም። ሳይነግራችሁ ከሆነ የጀመረው ግን ተሳስቷል። ለቀጣዩ «ሞት ምን ያህል ቅርብ ነው?» ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁት።

ጥያቄ፦ ዲኤም ነኝ። ተጫዋች እንዳይሞት ብዬ የዳይሱን ውጤት በድብቅ ብቀይር ነውር ነው?

በድሮው ስልት አዎ፣ ነውር ነው። እዚያ ተጫዋቹ የሚተማመንበት ነገር ቢኖር አደጋው እውነተኛ መሆኑ ነው። በታሪክ ተኮር ጨዋታም ቢሆን ድብቁን አልመክርም። «ያለ እናንተ ፈቃድ ማንም አይሞትም፤ ትሸነፋላችሁ፣ ትማረካላችሁ፣ የምትወዱትን ታጣላችሁ» ብለህ በግልጽ ንገራቸው። ውጥረቱ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ጠንካራ ገጸ ባሕሪ ስለምሠራ «አጭበርባሪ» ይሉኛል።

ሕጉን ካልጣስክ አጭበርባሪ አይደለህም። ግን አንተ በአንድ ምት የምትጨርሰውን ጠላት ጓደኛህ በአራት ዙር ካልጣለው እሱ ተመልካች ሆኗል ማለት ነው። ጉልበትህን ሌሎችን ወደሚያግዝ ገጸ ባሕሪ አዙረው። ስሌቱ ያው አስደሳች ነው።

ጥያቄ፦ ድምፄን ቀይሬ መናገር ግዴታ ነው?

አይደለም። «ገጸ ባሕሪዬ ንጉሡን ምሕረት ይለምናል» ብሎ መናገር ሙሉ አጨዋወት ነው።

ጥያቄ፦ በእምነቴ ምክንያት አጋንንት ያለበት ጨዋታ አልፈልግም። ልተወው?

መተው የለብሽም። አሜሪካ ውስጥ በ1980ዎቹ ጨዋታው የሰይጣን ነው የሚል ትልቅ ፍርሃት ተነስቶ ነበር። በ1989 የወጣው 2ኛ እትም አጋንንትን ከዋና መጽሐፎቹ አስወጥቶ ነው የመጣው፤ በኋላም ሲመለሱ ስማቸው ተቀይሮ ነበር። ያለ እነሱም ጨዋታው ሄዷል። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ቀን ተቀምጣችሁ እያንዳንዱ ሰው የማይፈልገውን ይናገር። ምክንያት ማስረዳት የለብሽም።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ስድስት ነን፣ ሁላችንም በፈረቃ ነው የምንሠራው። አንድ ላይ የምንገናኝበት ቀን የለም። ምን ትመክረናለህ?

ለእናንተ የሚሆነው «ዌስት ማርችስ» የሚባለው ስልት ነው። ቤን ሮቢንስ የሚባል ዲኤም ነው የጀመረው። ቋሚ ቡድን የለም። ቋሚ ቀንም የለም። አንድ ከተማ አለ፤ ከከተማው ውጭ ደግሞ ማንም ያልረገጠው ምድር። ከስድስታችሁ ሦስት የሚመቻችሁ «ማክሰኞ ማታ ወደ ሰሜኑ ፍርስራሽ እንሄዳለን» ብላችሁ ለዲኤሙ ታሳውቃላችሁ። እሱ ያን ብቻ ያዘጋጃል። ምሽቱ ሲያልቅ ሁላችሁም ወደ ከተማው መመለስ አለባችሁ፤ ይህን ሕግ አትልቀቁ፣ ካልሆነ የሚቀጥለው ቡድን ሲመጣ ግማሹ ሰው ዋሻ ውስጥ ይቀራል። የጋራ ካርታችሁን ቴሌግራም ላይ አኑሩት። ያልመጡት ያዩታል፣ ይቀናሉ፣ የራሳቸውን ጉዞ ይጠራሉ።

ስልቱ ሁሉን አይሰጣችሁም። ረጅም የፍቅር ወይም የበቀል ታሪክ የሚፈልግ ካለ ይከፋዋል፤ ይህን ከወዲሁ ንገሩት። ለሕጉ ገንዘብ አታውጡ፤ የ5ኛው እትም መሠረታዊ ሕግ ከጥር 2023 ጀምሮ በነጻ ፈቃድ ተለቋል። አንዳችሁ አውርዱትና ለመጀመሪያው ምሽት አንድ ፍርስራሽና ሁለት የሚያስገቡ በሮች አዘጋጁ።