የደከመው ምጣዱ ነው ወይስ መብራቱ?

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ምጣዳችን ማታ ማታ እንጀራ ቶሎ አያበስልም፤ ዓይኑም በደንብ አይወጣም። ምጣዱ ላይ 220 ቮልት፣ 3500 ዋት ተብሎ ተጽፏል። እየሠራ ስንለካው ሶኬቱ ላይ 185 ቮልት፣ በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ከውጭ ከብቦ አምፔር በሚለካው መሣሪያ) ደግሞ 13.4 አምፔር አገኘን። ጠጋኙ «ሽቦው ደክሟል፤ ቆርጬ ላሳጥረው» ይለናል። እናስቆርጠው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አያስቆርጡት! ሽቦው ጤነኛ ነው፤ ማስረጃውም የለኳቸው ሁለት ቁጥሮች ናቸው።

ቮልቱ ለአምፔሩ ሲካፈል ሬዚስታንሱን፣ ማለትም ሽቦው ኤሌክትሪኩን የሚገታበትን መጠን፣ ይሰጣል፦ 185 ÷ 13.4 = 13.8 ኦም። ይህ ሽቦ ሙሉ 220 ቮልት ቢያገኝ ስንት ዋት ይሰጥ ነበር? 220 × 220 ÷ 13.8 = 3507 ዋት። ምጣዱ ላይ ከተጻፈው ጋር ገጠመ ማለት ነው። አሁን የሚያገኙት ግን 185 × 13.4 = 2479 ዋት ብቻ ነው። ቮልቱ የቀነሰው በ16 በመቶ ሆኖ ሳለ ሙቀቱ በ29 በመቶ የወረደው፣ ቮልት ሲወርድ አምፔሩም አብሮት ስለሚወርድ ነው።

ጠጋኙ በ185 ቮልት 3500 ዋት ለማግኘት ሬዚስታንሱን ወደ 9.8 ኦም ማውረድ፣ ማለትም ከሽቦው ከሩብ በላይ መቁረጥ አለበት። ታዲያ ቮልቱ 220 ሲመለስ ምጣዱ 22.4 አምፔር ይስባል፤ ለ16 አምፔር የተሠራ ስፒናና ሶኬት ይህን አይችልም። አጥሮ የቀረው ሽቦም በየሴንቲሜትሩ ከበፊቱ እጥፍ ገደማ ስለሚሞቅ ብዙ ሳይቆይ ይበጠሳል።

መፈለግ ያለበት የጠፋው 35 ቮልት ነው። ማታ ምጣዱን አጥፍተው ሶኬቱን ይለኩ። ያኔም 185 አካባቢ ከሆነ ችግሩ የመስመሩ ነው፤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ያመልክቱ፣ እስኪስተካከልም ጠዋት ይጋግሩ። ጠፍቶ 217፣ ሲበራ 185 ከሆነ ግን መንገድ ላይ 32 ቮልት እየቀረ ነው። 32 × 13.4 = 429 ዋት! ይህ ሁሉ ሙቀት ምጣዱ ላይ ሳይሆን ሽቦና መጋጠሚያ ላይ ይወጣል፤ እሳት የሚነሳውም እንዲህ ነው። ምጣዱ በርቶ ሳለ የኤሌክትሪክ ባለሙያ የማከፋፈያ ሳጥኑን ይለካልዎ። እዚያ 215 ከተገኘ ጥፋቱ ከሳጥኑ እስከ ሶኬቱ ባለው መንገድ ላይ ነው። ቀጭኑ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ እንኳ በሜትር 0.012 ኦም ገደማ ብቻ ስላለው፣ የሽቦው ርዝመት ብቻውን ይህን ያህል አያስቀርም። የላላ ብሎን፣ የጠቆረ ስፒና፣ በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ መጋጠሚያ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ አምፔር ለመለካት ቴስተሬን አምፔር ላይ አድርጌ ሶኬት ውስጥ ስከተው ፊውዙ ተቃጠለ። ለምን?

መልስ፦ አምፔር ላይ ሲሆን የቴስተሩ ሬዚስታንስ ወደ 0 የቀረበ ነው፤ ስለዚህ ሶኬቱን በባዶ ሽቦ እንዳገናኙት ይቆጠራል። የአብዛኛው ቴስተር ልክም 10 አምፔር ስለሆነ ለምጣድ አይበቃም። ክላምፕ ሜትር ይጠቀሙ፤ ግን አንዱን ሽቦ ብቻ ይክበብ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ከያዘ 0 ያነባል። ክላምፕ ከሌለዎ ስፒናውን ነቅለው ምጣዱ ሲቀዘቅዝ በኦም ይለኩት። የምጣድ ሽቦ ቢግልም ሬዚስታንሱ የሚለወጠው በጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ለድሮው የክር አምፖል ግን ይህ ዘዴ አይሆንም፦ ባለ 100 ዋቱ በርቶ 484 ኦም ሲሆን፣ ቀዝቅዞ ሲለካ ከዚያ አንድ አሥረኛውን እንኳ አይሞላም።