ጀሶው ከወለቀ በኋላ፦ ስለ ፊዚዮቴራፒ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ እንደምን አመሻችሁ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት ከሕፃናት ጋር ነው። እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ እመልሳለሁ። ሳላይና ሳልዳስስ ማንንም አላክምም። ስትጠይቁ ዕድሜያችሁን፣ ሕመሙ የጀመረበትን ጊዜና ምን ሲያደርጉ እንደሚብስ ጻፉ።

ሰላም ነኝ፦ ዶክተር፣ ወገቤን ያመኛል። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ ዶክተር አይደለሁም። ዕድሜሽ ስንት ነው? ከመቼ ጀምሮ? ሕመሙ ወደ እግር ይወርዳል?

የሕፃኑ እናት፦ ልጄ ሁለት ሳምንቱ ነው። ሁለቱም እግሮቹ ወደ ውስጥ ዞረው ተወለደ። አማቴ «በቅቤ ስናሸው ይቃናል፤ አጥንቱ ሳይጠና ጀሶ አይነካውም» ይላሉ። ስንት ወር ልጠብቅ?

መላሽ፦ እህቴ፣ አንድ ወርም አትጠብቂ። ይህ ቆልማማ እግር ነው፤ ከሺህ ሕፃናት በአንዱ ላይ ገደማ ይታያል። በእርግዝናሽ ጊዜ ባደረግሽው ነገር የመጣ አይደለም፤ የሚወቅስሽ ካለ ይህንን አንብቢለት። አማትሽ አጥንቱ አልጠናም ማለታቸው ልክ ነው፤ ሕክምናው አሁን የሚጀመረውም ስለዚሁ ነው።

ዘዴው ፖንሴቲ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ ከነበሩት ስፔናዊው ሐኪም ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ነው። ባለሙያው እግሩን በጣቶቹ ቀስ አድርጎ ያቃናል፤ የተገኘችውን ለውጥ እንዳትመለስ ከእግር ጣት እስከ ጭን ሥር በጀሶ ይይዛታል። በየሳምንቱ ጀሶው ይቀየራል፤ ብዙውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ይበቃል። ከዚያ ለአብዛኞቹ ሕፃናት የተረከዝ ጅማት ቦታው ብቻ ደንዝዞ በትንሹ ይቆረጣል። አትደንግጪ፤ ጅማቱ በመጨረሻው ጀሶ ውስጥ በሦስት ሳምንት ተመልሶ ይገጥማል።

ቤት ስትገቡ ጣቶቹን እይ። ከጠቆሩ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ወደ ጀሶው ውስጥ ከጠፉ፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ተመለሺ። ጀሶው ሲያልቅ ደግሞ በብረት የተያያዙት ጫማዎች ይመጣሉ፦ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያም እስከ አራት ወይም አምስት ዓመቱ በእንቅልፍ ሰዓት። እግር ተመልሶ የሚቆለመመው አብዛኛውን ጊዜ ጫማው ሲተው ነው። አዲስ አበባ ከሆንሽ ኪዩር ሆስፒታል ይህን ሕክምና ይሰጣል፤ ሌላ ቦታ ከሆንሽ በአቅራቢያሽ ባለው ትልቅ ሆስፒታል የቆልማማ እግር ክሊኒክ እንዳለ ጠይቂ።

የገጠሩ ልጅ፦ ማሸትን እንዲህ አታጣጥሉት። እኔ ከበቅሎ ወድቄ የተሰበረ ክንዴን ያቃናልኝ ወጌሻ ነው።

ነርሷ፦ እኔ ደግሞ በቀርከሃ ተጠፍሮ እጁ የጠቆረ ልጅ ተቀብያለሁ። ከክርኑ በታች ተቆረጠ።

የገጠሩ ልጅ፦ ሐኪም ቤት ስሕተት የለም? ጤና ጣቢያው የአንድ ቀን መንገድ ለሆነበት ሰውስ ማን ይድረስለት?

ነርሷ፦ የአንድ ቀን መንገድ ይሻላል እጅ ከማጣት።

መላሽ፦ ወጌሻን አልንቅም፤ ማንም ባልደረሰበት ቦታ ደርሰዋል። የማልታገሠው ሁለት ነገር ነው፤ አጥብቆ ማሰርና የተጎዳ ክርንን ማሸት። ክርን ተሰብሮ ወይም ወልቆ በኃይል ሲታሽ በጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊበቅል ይችላል። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረችኝ፤ እንጀራ ስትጎርስ እጇ አፏ ድረስ ስለማይታጠፍ አንገቷን ወደ ጉርሻው ታጎነብስ ነበር። ስብራቱ ቀላል ነበር። ለወራት የሠራነው ስብራቱን አልነበረም፤ የታሸበትን ነው። አሁን ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ከአዳማ፦ ባለቤቴ ዛሬ ስትነሣ ፊቷ ተጣሞ አደረ። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ታሸች። ፊዚዮቴራፒ ላስጀምራት?

መላሽ፦ መጀመሪያ ሐኪም፣ ዛሬውኑ። ቅንድቧን ወደ ላይ እንድታነሣ ንገራት። ግንባሯ በሁለቱም በኩል እየተሸበሸበ አፏ ብቻ ከተጣመመ፣ ወይም እጇ ከዛለ፣ ወይም አንደበቷ ከተሳሰረ ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ማንበብ ትተህ ተነሥ። የፊት ነርቭ ከሆነም መድኃኒቱ በሦስት ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው ይበልጥ የሚጠቅመው። ዓይኗ ካልተከደነ እንዳይደርቅ ሐኪሙን ጠይቅ። የእኔ ሥራ ከዚያ በኋላ ነው።

ጋሽ ተ.፦ 67 ዓመቴ ነው። ደረጃ ስወርድ ጉልበቴን ያመኛል። እረፍ ስለተባልሁ ቁጭ ብያለሁ።

መላሽ፦ አባቴ፣ መቀመጡ ጡንቻውን ያሟሽሽብዎታል፤ ጉልበቱም ድጋፍ ያጣል። ከፍ ካለ ወንበር በእጅዎ ሳይደገፉ አሥር ጊዜ ይነሡና ይቀመጡ፤ ጠዋትና ማታ። መጠነኛ ሕመም አያስፈራም፤ ካበጠ ግን ይታዩ። ክብደት ካለዎት አንድ ኪሎ ሲቀንሱ ጉልበትዎ በየእርምጃው አራት ኪሎ ያህል ይቀልለዋል።

ስሜ ይቆይ፦ ከወለድሁ አምስት ወሬ ነው። ሳስል ሽንት ያመልጠኛል። ለመጠየቅ አፍሬ ነበር።

መላሽ፦ እንኳን ጠየቅሽ። የብዙ እናቶች ችግር ነው፤ ይሻላል። ሽንትሽን እንደምትቋጥሪ አድርገሽ ጡንቻውን ሳቢ፤ ስድስት እስከ ስምንት ሰከንድ ያዢ፤ ልቀቂ። ስምንት ጊዜ፣ በቀን ሦስት ዙር፣ ለሦስት ወር። ትንፋሽሽን አትያዢ።

መኮንን፦ እኔም ወገቤን ነው። የኤሌክትሪክ ማሳጅ ማሽን የትኛው ይሻላል?

መላሽ፦ ማሽን አልመርጥም። ወገብ ብላችሁ ብቻ ስትጽፉ ምን ልበል? ለሁላችሁም፦ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ካለ ነገ አትበሉ። የሌሊት ላቡና ክብደት መቀነሱ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ይህ ከሌለ ተራመዱ፤ አልጋ ላይ አትክረሙ።

የዘጠኝ ወር ልጅ አባት፦ የልጃችን ጀሶ ካለቀ ስድስት ወር ሆነ። እግሩ ቀጥ ብሏል። ጫማው ሌሊት ያስለቅሰዋል፤ ተረከዙን ከኋላ ስላቀላው አላልተን እናስርለታለን። ብንተወውስ?

መላሽ፦ አትተዉት፤ ከላይ ጽፌዋለሁ። ተረከዙ ከኋላ የሚቀላው ብዙውን ጊዜ ጫማው ስለላላ ነው፤ እግሩ ውስጥ ለውስጥ እየተንሸራተተ ይፈገፈጋል። ጉልበቱን አጥፈህ ተረከዙን ወደ ታች ገፋ አድርግ፤ የመካከለኛውን ማሰሪያ አስቀድመህ አጥብቅ፤ ክሩን ከዚያ በኋላ እሰር። ካልሲው ጥጥ ይሁን፤ አይጨማደድ። በቀላው ቦታ ቅባት አታድርግ። ውኃ ከቋጠረ ነገ ጠዋት ይዘኸው ሂድ፤ ጫማውንም ይዘህ።