ጥያቄና መልስ፦ ነጩን ዱቄት ከስሙ አትለዩት

ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የዶሮ መኖ ውስጥ ስለሚገባው የአሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያ) ዱቄት ናቸው። አይገርምም፤ መኖ ተወዷል፣ ብዙ ሰው እቤቱ መቀላቀል ጀምሯል። ላይሲንና ሜቲዮኒን የሚባሉት አሚኖ አሲዶች ደግሞ በትልቅ ከረጢት መጥተው ለአርቢው በኪሎ እየተመዘኑ በፌስታል እንደሚደርሱ ከጥያቄዎቻችሁ መረዳት ይቻላል። እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ፌስታል ነው። ዱቄቱ በራሱ የሚያስፈራ መርዝ አይደለም። ስሙ ከጠፋና እርጥበት ካገኘው ግን ጣጣ ያመጣል።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። ላይሲንና ሜቲዮኒን በፌስታል ገዝቼ ጓዳ አስቀመጥኩ። ባለቤቴ ደግሞ ለስንዴው ያመጣውን ዩሪያ ቀንሶ እዚያው አጠገቡ አኖረው። አሁን የቱ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። በምን ልለየው?

መልስ፦ እህቴ፣ ዋናውን ላስቀድምልሽ፤ ምንነቱን እርግጠኛ ያልሆንሽበትን ፌስታል ለዶሮ አትስጪ። ለከብትም አትስጪ። ገንዘቡ እንደሚቆጭ አውቃለሁ፣ የዶሮዎቹ ዋጋ ግን ይበልጣል።

ምልክቶቹን ልንገርሽ። ሜቲዮኒን ድኝ ስላለው ይሸታል፣ የተቀቀለ ጎመን የሚመስል ሽታ አለው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥም ቶሎ አይሟሟም። ነጩ ላይሲን በቀላሉ ይሟሟል። ዩሪያ ብዙ ጊዜ ክብ ክብ ፍሬ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ብርጭቆውን ቀዝቀዝ ያደርገዋል። እነዚህ ግን ጥርጣሬሽን ለማጠናከር እንጂ «ይሄ ላይሲን ነው» ብለሽ ለመመገብ አይበቁም። የተፈጨ ወይም እርጥበት የነካው ዩሪያ ፍሬነቱን ያጣል፣ ያን ጊዜ ዓይንም እጅም ይታለላል።

ለምን እንዲህ አጠበቅክ ካልሽኝ፣ ዶሮ ዩሪያን ወደ ፕሮቲን መቀየር አትችልም። የከብት ሆድ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ነፍሳት ይችላሉ፣ እነሱም ቢሆኑ በባለሙያ ተመጥኖ ካልሆነ በቀር ዩሪያ ከብት ይገድላል። ዩሪያውን ዛሬውኑ ከመኖ ቤት አውጡትና ልጅም ከብትም የማይደርስበት ቦታ ለብቻው ይቀመጥ።

ሁለቱ አሚኖ አሲዶች እርስ በርስ ቢቀያየሩም ቀላል አይደለም። መኖሽ ውስጥ የኑግ ፋጉሎ የሚበዛ ከሆነ በይበልጥ የሚጎድለው ላይሲን ነው። በላይሲን ፋንታ ሜቲዮኒን ስትጨምሪ ጉድለቱ እንዳለ ይቀራል፣ በዚያ ላይ ሜቲዮኒኑ ይበዛል። ሜቲዮኒን ደግሞ ሲበዛ ከሚጎዱት አሚኖ አሲዶች ግንባር ቀደሙ ነው፤ ዶሮዎቹ መብላት ይቀንሳሉ፣ እድገታቸውም ይጎተታል።

ከአሁን በኋላ ስትገዢ ሻጩ ከዋናው ከረጢት ላይ እንዲቀዳልሽ ጠይቂ። ቀለሙ ቡናማ ወይም ዱቄቱ ፍሬያማ ከሆነ ላይሲን ሰልፌት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ዓይነቱ ውስጥ ያለው ላይሲን ብዙ ጊዜ 55 በመቶ አካባቢ ሲሆን ነጩ ላይሲን ሃይድሮክሎራይድ ግን ወደ 78 በመቶ ይይዛል። ስለዚህ «ላይሲን» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም። ሙሉ ስሙን፣ የተመረተበትንና የሚያልፍበትን ቀን፣ አንቺ የከፈትሽበትንም ቀን ወፈር ባለ ወረቀት ላይ ጽፈሽ አንዱን ውስጥ ጨምሪ፣ አንዱን ውጪ ለጥፊ። ከስልክሽም ካሜራ የከረጢቱን ጽሑፍ አንሺው። የምግብ ዘይት ጀሪካን ወይም የስኳር ባልዲ ውስጥ አትገልብጪው፤ ቤት ውስጥ እንግዳ አለ፣ ልጅ አለ፣ ማን እንደሚያነሳው አይታወቅም።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ላይሲን ከደብረ ብርሃን አስመጥቼ እንደደረሰ ከፍቼ ተጠቀምኩ። ከሳምንት በኋላ የቀረው እንደ ድንጋይ ጠጥሮ አገኘሁት። ተበላሽቷል ማለት ነው?

መልስ፦ መጠጠሩ ብቻውን መበላሸት አይደለም፣ ወንድሜ። ላይሲን እርጥበት ይስባል፣ ስለዚህ ይጓጉላል። ነጭነቱ ካልተለወጠ፣ ሻጋታ ከሌለውና መጥፎ ሽታ ካላመጣ አድቅቀህ በወንፊት ነፍተህ ተጠቀምበት። ሳትነፋው እንዳትቀላቅል፤ አንዷ ዶሮ ጓሉን ስታገኝ ሌሎቹ ባዶውን ይለቅማሉ። ውስጡ የረጠበ ወይም የሻገተ ከሆነ ግን ሙሉውን ተወው።

ጥፋቱ የመጣው ከመንገዱ ይመስለኛል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ። ጣርማ በርን በጉም ውስጥ አልፎ የወረደ ከረጢት ብርዱን ይዞ ይደርሳል። ሞቃቱ አየር ቀዝቃዛውን ዱቄት ሲያገኘው ያላበዋል፣ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ከፍሪጅ ሲወጣ እንደሚያልበው። አንተ ወዲያው ስትከፍተው ላቡ ዱቄቱ ላይ አረፈ። ሌላ ጊዜ ሳትከፍተው አሳድረው፣ ከቤቱ ሙቀት ጋር ይስተካከል።

አቀማመጡም አለ። ከሲሚንቶ ወለል ላይ በእንጨት ከፍ አድርገው፣ ከግድግዳም ራቅ ይበል። ፀሐይ በቀጥታ ከምትመታው ቆርቆሮ ሥር አታድርገው። የውስጡን ላስቲክ አየሩን ገፍተህ አውጥተህ ጠምዝዘህ እሰረው። ወደ ደጋው ያላችሁ ደግሞ ቀን ሞቆ ሌሊት የሚቀዘቅዝ የቆርቆሮ ጣሪያ ጠዋት ላይ ውሃ እንደሚያንጠባጥብ አትርሱ፤ ክረምቱ ቢያልፍም ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይሄ አለ።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ መኖ ስንቀላቅል ዱቄቱ ይቦናል፣ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ ያስለኛል። ጎጂ ነው? ደግሞስ ያን ታህል ዱቄት ከዚያ ሁሉ መኖ ጋር እንዴት ነው እኩል የምትዳረሰው?

መልስ፦ የሚያቃጥልሽ ብናኙ ነው። ማስክ አድርጊ፣ ዓይንሽን የሚሸፍን መነጽር ካገኘሽ ጥሩ፣ ጓንትም ይኑርሽ። ዓይንሽ ውስጥ ከገባ አትሺው፤ በንጹሕ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል እጠቢው፣ ማቃጠሉ ካልተወሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። አስም ያለበት ሰው ቅልቀላውን ለሌላ ይተው። ከረጢቱንም ከላይ አትድፊው፣ ዝቅ አድርገሽ ቀስ ብለሽ በማንኪያ አውጪው።

አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። አየር ላይ የቦነነ ደረቅ ዱቄት እሳት ይይዛል። የጤፉም የበቆሎውም ዱቄት እንደዚያ ነው፣ የአሚኖ አሲዱም። ስለዚህ የምትቀላቅሉበት ክፍል ውስጥ ከሰል፣ ኩራዝ፣ ሻማ፣ ሲጋራ አይግባ። በሩንም ክፈቱት። የፈሰሰውን በኃይል አትጥረጊ፣ ቀስ ብለሽ በአካፋ ሰብስቢና የቀረውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፤ ውሃ ከደፋሽበት ወለሉ ያንሸራትታል።

ስለ መዳረሱ፣ ቀመርሽ ለአንድ ቶን 1 ኪሎ የሚል ከሆነ ለኩንታል የሚደርሰው 100 ግራም ብቻ ነው። በስኒ አትስፈሪ፣ የአንዱ ዱቄት ስኒ ከሌላው ስኒ እኩል አይመዝንም፤ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ግዢ። መጀመሪያ 100 ግራሙን ከአንድ ኪሎ የተፈጨ በቆሎ ጋር አዋህጂ፣ ያንን ከሁለት ሦስት ኪሎ ጋር፣ ከዚያ ከአሥር፣ እንዲህ እያልሽ ወደ ኩንታሉ ድረሺ። አሰልቺ ነው፣ ግን በእጅ ለሚቀላቅል ሰው ሌላ አቋራጭ የለም።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ልጄ የዶሮ ላይሲን በከረጢት አምጥቶልኝ ነበር፣ ዓመት ሊሞላው ነው። አሁንም ይሠራል? ለላሚቱስ ብጨምርላት ወተት ይጨምራል?

መልስ፦ አባባ፣ ከረጢቱ ካልተከፈተና ደረቅ ከቆየ ብዙ ጊዜ እስከ ሁለት ዓመት ይቆያል። ለማንኛውም የማለፊያው ቀን ከረጢቱ ላይ ስላለ ልጅዎ ያንብብልዎ። ከመኖ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ግን ነገሩ ይለያል። ሙቀትና እርጥበት ባለበት ላይሲን መኖው ውስጥ ካለው ስኳር ጋር ይያያዝና ዶሮዋ ልትጠቀምበት አትችልም፤ ሞላሰስ ያለበት መኖ በተለይ። ስለዚህ ለጥቂት ሳምንት የሚበቃ ብቻ ያቀላቅሉ። ቪታሚን ካለበት ፕሪሚክስ (ተዘጋጅቶ ከሚሸጥ የመኖ ማሟያ ቅልቅል) ጋርም አስቀድመው ደባልቀው አያቆዩት።

ለላሚቱ አይስጧት። እንዲሁ የተሰጣት ዱቄት አብዛኛው ገና ከጨጓራዋ የመጀመሪያው ክፍል ይፈርሳል፣ ገንዘብዎ ይባክናል። ለከብት ተብሎ ተሸፍኖ የሚሠራ ሌላ ዓይነት አለ፣ እሱ ለብቻው ነው። ለእርሷ ጥሩ ድርቆሽና ፉርሽካ ይሻላታል።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ እሮጣለሁ፣ ጂምም እሠራለሁ። የጂም አሚኖ አሲድ ዋጋው አይቀመስም። አጎቴ የዶሮ ላይሲን አለው፣ ያው አሚኖ አሲድ አይደል? ብወስደውስ?

መልስ፦ አትውሰድ። የሞለኪዩሉ ስም አንድ ቢሆንም ለመኖ የሚመረተው በሰው ምግብ ደረጃ ተጣርቶና ተመርምሮ አይደለም የሚመጣው፣ የአጎትህ ከረጢት ደግሞ ስንት ጊዜ በስንት እጅ እንደተከፈተ አስብ። ኩላሊት ወይም ጉበት የሚያመው ሰው የጂሙንም ቢሆን ሐኪም ሳያማክር አይጀምር። ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላልና ወተት ከምትፈልገው አሚኖ አሲድ አብዛኛውን ይሰጡሃል፣ ከእንጀራ ጋር ሲሆን ደግሞ የጤፉና የጥራጥሬው እርስ በርስ ይሟላል።

የጂሙን ከገዛህ ክዳኑን ወዲያው ዝጋ፣ ማንኪያው ደረቅ ይሁን፣ ውስጡ ያለችውን ትንሽ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት አታውጣት፣ አትብላትም። ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጠው፣ በከፈትከው ቁጥር ያልበዋል። በውሃ የበጠበጥከውን የዚያኑ ቀን ጠጣው። ውድድር የምትገባ ከሆነ ደግሞ በፀረ አበረታች መድኃኒት ሕግ ሰውነትህ ውስጥ ለሚገኘው ነገር ኃላፊው አንተ ነህ፣ «ዱቄቱ ውስጥ መኖሩን አላወቅኩም» ማለት አያድንህም። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት አሠልጣኝህንና ሐኪም አማክር፣ የተጠቀምክበትንም ጣሳ ከነጽሑፉ አትጣለው።