ምርጫ ሲቃረብ በኮንትራት የሚሠራ የጤና ባለሙያ ዝም ይበል? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝ አገር ለካውንስል (ለአካባቢ አስተዳደር) በኮንትራት የጤና አገልግሎት በሚሰጥ ድርጅት ውስጥ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ሲጋራ ማስተው፣ ክትባት፣ የቲቢ ምርመራ፣ እንዲህ እንዲህ ያለው ሥራ ነው። ምርጫ በመጣ ቁጥር «ምንም ነገር አትለጥፉ» የሚል ኢሜይል ይደርሰናል። እኛንም ይመለከታል ወይ የምትሉ ጠይቁኝ። ከሁሉ በፊት ግን ኮንትራታችሁን አንብቡ።

የማታ ሺፍት፦ እታለም፣ ይሄ ፐርዳ የሚሉት ነገር ሕግ ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ልማድ ነው። ቃሉ መጋረጃ ማለት ነው። አሁን መንግሥት ራሱ «የቅድመ ምርጫ ጊዜ» ነው የሚለው። በ2024 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው) አጠቃላይ ምርጫው ጁላይ 4 ነበር፣ ጊዜው ሜይ 25 ጀመረ። በእነዚያ ሳምንታት መሥሪያ ቤቶች ለአንድ ወገን ያደላ የሚመስል ነገር ከማውጣት ይቆጠባሉ።

ሕግ የሆነው ሌላ ነው። የ1986ቱ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ አንቀጽ 2 ካውንስል ሕዝቡ ለፓርቲ ያለውን ድጋፍ ለመለወጥ የታሰበ ጽሑፍ እንዳያወጣ ይከለክላል። ያውም ዓመቱን ሙሉ። እዚያው ላይ ብዙ ሰው የሚያልፋት ንዑስ አንቀጽ አለች። ካውንስሉ ራሱ ማውጣት የማይችለውን ነገር ሌላ ሰው እንዲያወጣው ገንዘብም ሆነ ሌላ እርዳታ መስጠት አይችልም። ኮንትራክተሩን የምትነካው እሷ ናት። ግን የምትከለክለው በካውንስል ብር የፓርቲ ቅስቀሳ መሥራትን ነው። «እሁድ ክትባት አለ፣ ልጆቻችሁን አምጡ» ማለትን አትከለክልም።

ሰላም ነርስ፦ ስለዚህ ስለ ክትባት መለጠፍ እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ። ኮንትራትሽን አንብቢ።

ግብር ከፋይ፦ እኔ አልስማማም። ደሞዙ ከኔ ታክስ የሚወጣ ሰው በምርጫ ሰሞን ዝም ቢል ምን ይጎዳል? ስድስት ሳምንት ነው።

የማታ ሺፍት፦ ኩፍኝ ስድስት ሳምንት አይጠብቅህም ወንድሜ።

ግብር ከፋይ፦ ስለ ኩፍኝ ማን አወራ? ስለ በጀት የሚያወሩትን ነው ያልኩት። የክሊኒክ ወንበር ላይ አስቀምጠው ፖለቲካ የሚሰብኩ አሉ፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሰላም ነርስ፦ አንድ ሰው ስላጠፋ ሁላችንም አፋችን ይለጎም?

መልስ፦ ሁለታችሁም ቆዩማ። በጀት ያልከው ከባዱ ጥያቄ ነው፣ ልመልሰው። ክሊኒኩ በጁን የሚዘጋ ከሆነ ታካሚው ቀኑን ማወቅ አለበት። መድኃኒቱን ከየት ያመጣል? ይሄ መረጃ ነው፣ ምርጫ ኖረም አልኖረም ይነገራል። «የዘጋው እገሌ ነው፣ እንዳትመርጡት» ካልክ ግን ቅስቀሳ ሆነ። በሥራ ሰዓት፣ በካውንስሉ ሎጎ ይሄን ማድረግ አይገባም። እዚህ ላይ ከግብር ከፋይ ጋር ነኝ። ቤትህ ገብተህ በራስህ ስም የምትናገረው ግን የዜጋ መብትህ ነው።

ደግሞ «ኮንትራክተር ዝም ይበል» ስትሉ ማንን እንደምትሉ አስቡ። አብዛኞቹ የጂፒ (የቤተሰብ ሐኪም) ክሊኒኮች እኮ ኮንትራክተር ናቸው! የመንግሥቱ የጤና አገልግሎት ኤን ኤች ኤስ በ1948 ሲቋቋም ጀምሮ ጂፒዎች ተቀጣሪ ሳይሆኑ በኮንትራት የሚሠሩ ናቸው። የሰፈራችሁ ፋርማሲም እንደዚሁ። ክልከላው ኮንትራክተርን ሁሉ ይያዝ ካላችሁ የልጃችሁን ሐኪም ነው ዝም የምታሰኙት።

ቤቲ፦ ይቅርታ፣ ፐርዳ ግን ሕግ ነው ወይስ አይደለም?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ።

ዳዊት ዘ በርሚንግሃም፦ ፍርድ ቤት ደርሶ ያውቃል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። በ2017 ደርሷል። መንግሥት የአየር ብክለት ረቂቅ ዕቅዱን እንዲያወጣ ቀነ ገደብ ነበረበት። ምርጫ ተጠራና «ፐርዳ ላይ ነን፣ ይራዘምልን» አለ። ክላየንትኧርዝ የሚባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ተከራከረ። ኤፕሪል 27 ዳኛው ፐርዳ ልማድ እንጂ ሕግ እንዳልሆነና የሕግ ግዴታን እንደማይሽር ወሰኑ። የሕዝብ ጤና አደጋ ላይ መሆኑ በውሳኔው ትልቅ ቦታ ነበረው። ረቂቁ ሜይ 5 ወጣ፤ አጠቃላይ ምርጫው ገና ጁን 8 ነበር። መንግሥት ራሱ በፐርዳ ማምለጥ ካልቻለ አንድ የኮንትራት ማናጀር በምን አቅሙ ነው የቲቢ ፖስተር የሚያስነቅለው?

2024ንም ተመልከቱ። እንግሊዝ ውስጥ ዴቨን በሚባለው አካባቢ የብሪክሳም ከተማ ውኃው በጥገኛ ተሕዋስ ተበክሎ ነበር። «አፍልታችሁ ጠጡ» የሚለው ማሳሰቢያ ለአንዳንድ ቤቶች የምርጫው ቀን እስኪያልፍ ቆይቷል። ማንም «ፐርዳ ነው» ብሎ ዝም አላለም።

ሰላም ነርስ፦ አንቺስ ላይ ደርሶብሽ ያውቃል?

መልስ፦ አዎ። አንድ ዓመት በሜይ የአካባቢ ምርጫ ነበር። ነጻ የቲቢ ምርመራ የሚል በራሪ ወረቀት በአማርኛና በትግርኛ አሳትመን ነበር። ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ልናድል ስንል «ከምርጫ በኋላ» ተባልን። ካርቶኑ በቡኒ ፕላስተር እንደታሸገ ጠረጴዛዬ ሥር ተቀመጠ፣ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር እግሬ ይመታዋል። ምርጫው ሲያልፍ ከፈትነው። የምርመራው ቀናት በሙሉ የኤፕሪል ነበሩ። ያን ሁሉ ወረቀት ጣልነው። ፓርቲ የሚባል ቃል አንድም ቦታ የለበትም ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቤቲ፦ የሕዝበ ውሳኔስ?

መልስ፦ እሱ ለብቻው ሕግ አለው። የ2000ው የፓርቲዎች፣ የምርጫና የሕዝበ ውሳኔ ሕግ አንቀጽ 125፣ የመጨረሻዎቹ 28 ቀናት። ወጪያቸው በዋናነት በሕዝብ ገንዘብ የሚሸፈን ድርጅቶችንም ይይዛል። ግን የሚከለክለው ስለ ሕዝበ ውሳኔው የሚወጣን ጽሑፍ ነው።

ዳዊት ዘ በርሚንግሃም፦ ቻሪቲ (በጎ አድራጎት ድርጅት) ብንሆንስ?

መልስ፦ የቻሪቲ ሕግ ሙያዬ አይደለም። የሚያውቅ ሰው ጠይቅ።

ግብር ከፋይ፦ በአጭሩ ክልከላው ይኑር ነው ወይስ አይኑር?

መልስ፦ «በአጭሩ» የሚባል ነገር ነው ካርቶኔን ያሳሸገው። በካውንስሉ ስም የሚወጣ፣ የተወዳዳሪ ፎቶ ያለበት፣ የተመረቀ ክሊኒክ የሚያሞግስ ነገር ይቁም። የክሊኒክ ሰዓት፣ የወረርሽኝ ማስጠንቀቂያ፣ የክትባት ጥሪ አይቁም።

ሰላም ነርስ፦ እኛ ጋ ዛሬ ማናጀሩ ፖስተሩን አንሱ ብሏል። ምን ልበለው?

መልስ፦ የትኛው የኮንትራት አንቀጽ እንደሆነ በኢሜይል ጠይቂው። በቃል አይደለም፣ በጽሑፍ።

ሰላም ነርስ፦ ኮንትራቱ 80 ገጽ ነው እኮ።

መልስ፦ ስለ ሕዝብ ግንኙነት የሚለውን ክፍል ብቻ ፈልጊ። ካልገባሽ እዚህ ጻፊልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።