በ40ኛው ገጽ ላይ የቀረው ልብ ወለድ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለ12 ዓመታት ተምሬያለሁ፤ በሥራዬም ደብዳቤና ሪፖርት የምጽፈው በዚሁ ቋንቋ ነው። ቋንቋን ለማሻሻል ማንበብን የሚያህል ነገር የለም ስለተባልኩ ከ3 ወራት በፊት አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ጀመርኩ። የማላውቀውን ቃል ሁሉ ከመዝገበ ቃላት እየፈለግሁ በደብተር እመዘግባለሁ። እስካሁን 600 ያህል ቃላት ጽፌያለሁ፤ ንባቡ ግን ከ40ኛው ገጽ አላለፈም፤ ከመዘገብኳቸውም ትዝ የሚሉኝ ጥቂቶቹ ናቸው። ችግሩ ከእኔ ነው ወይስ ከአካሄዴ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፤ የላኩልን ቁጥር መልሱንም ይዞ መጥቷል። በ40 ገጽ ውስጥ 600 ቃላት ማለት በየገጹ 15 እንግዳ ቃል ማለት ነው። አንድ ገጽ 300 ያህል ቃላት ይይዛል ብንል፣ ከየ20 ቃላት አንዱን አያውቁትም፤ 95 በመቶውን ግን ያውቃሉ። ይህ በፈተና ቢሆን የሚያስመሰግን ውጤት ነው፤ ለንባብ ግን አይበቃም። ኒው ዚላንዳዊው የቋንቋ ምሁር ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2000 ከአንዲት ባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ልብ ወለድን ያለ ሌላ ሰው እገዛ በሚገባ ለመረዳት አብዛኛው አንባቢ ከቃላቱ 98 በመቶውን ማወቅ እንደሚያስፈልገው አሳይተዋል። በገጽ ሲሰላ ከ15 ወደ 6 እንግዳ ቃላት መውረድ ነው። እኒሁ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሰሉት፣ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የተጻፈን ልብ ወለድ ወይም ጋዜጣ በዚህ ደረጃ ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰቦችን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የቃል ቤተሰብ የሚባለው አንድ ቃል ከእርባታዎቹና ከቅርብ ዘሮቹ ጋር ተደምሮ ነው። ስለዚህ ጭንቅላትዎን አይውቀሱ፤ የመረጡት መጽሐፍ ገና ጊዜው ያልደረሰ መጽሐፍ ነው።

ስለ ደብተሩም ጥቂት ልበል፤ እኔም በዚያ መንገድ አልፌያለሁና። ተማሪ ሳለሁ ከእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል በላይ የአማርኛ ፍቺውን በእርሳስ እጽፍ ነበር። ገጹ ከመጨናነቁ የተነሣ መስመሮቹ አይለዩም ነበር፤ ተመልሼ ሳነበው ደግሞ ዓይኔ የሚሮጠው ወደ እርሳሱ ጽሑፍ ብቻ ስለነበር፣ እንግሊዝኛ የማነብ እየመሰለኝ አማርኛ ሳነብ ከረምኩ። የተነጠለ ቃል ከተነጠለ ፍቺ ጋር ሲጻፍ የሚቀመጥበት ቦታ ስለሌለው ከአእምሮ ይንሸራተታል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን «ጊቭ አፕ» የሚለው ጥምረት ነው። መዝገበ ቃላት ገልጠው ቃል በቃል ከፈለጉት «ጊቭ» መስጠት፣ «አፕ» ወደ ላይ የሚል ያገኛሉ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ግን መተው ወይም መሸነፍ ማለት ናቸው። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በአማርኛ «እጁን ሰጠ» ሲባል ማንም እጁን አስረክቦ አልሄደም። ይህን የአማርኛ ፈሊጥ ከመዝገበ ቃላት አልተማሩትም፤ ሲነገር እየሰሙ፣ ማን በማን ፊት እጁን እንደሰጠ እያዩ አወቁት። እንግሊዝኛውም የሚገባዎት አንድ ገጸ ባሕርይ በር ሲያንኳኳ ቆይቶ «ጊቭ አፕ» አድርጎ ሲመለስ፣ ሌላው ደግሞ ማጨሱን «ጊቭ አፕ» ሲያደርግ በየታሪኩ ደጋግመው ሲያገኙት ነው።

ሁለተኛው የመዘግየትዎ ምክንያት እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በልብዎ ወደ አማርኛ መመለስዎ ይመስለኛል። በደብዳቤዎ ባይጠቅሱትም በየቃሉ የሚቆም ሰው ይህን ልማድ አይስተውም። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያኖራል፤ እንግሊዝኛ ከባለቤቱ ቀጥሎ ያስቀምጠዋል። እኛ «ትናንት የመጣው ሰው» ስንል ገላጩ ይቀድማል፤ እንግሊዝኛው ግን «ዘ ማን ሁ ኬም የስተርዴይ» ብሎ ሰውየውን አስቀድሞ ስለ እርሱ የሚነግረንን ያስከትላል። ስለዚህ እየተረጎመ የሚያነብ ሰው እስከ ዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ይሄድና ገላጩን ይዞ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ ዓረፍተ ነገሩ በረዘመ ቁጥር ምልልሱ ይበዛል፤ በመጨረሻም ታሪኩ ይጠፋበታል። ከዚህ ልማድ የሚያላቅቀው ሰዋስው ማጥናት ብቻ አይደለም። ቃላቱን የሚያውቋቸውን ቀላል ጽሑፍ ፈጠን ብለው በብዛት ሲያነቡ፣ ለመተርጎም ጊዜ ስለማይኖር አእምሮ የእንግሊዝኛውን ቅደም ተከተል እንዳለ መቀበል ይለምዳል። «ኤ» እና «ዘ» የሚባሉት ትንንሽ ቃላትም የሚለመዱት በዚሁ መንገድ ነው፦ ታሪኩ «አንድ ሰው ገባ» ሲል «ኤ»፣ ቀጥሎ «ሰውየው ተቀመጠ» ሲል «ዘ»፤ ይህን በሺህ ጊዜ ያየ ዓይን ስሕተቱን ደንቡን ሳያስታውስ ይለየዋል።

ብዛት ያለው ቀላል ንባብ ለውጥ እንደሚያመጣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው ደሴታዊት አገር በፊጂ የተደረገ ሙከራ ያስረዳል። ዋርዊክ ኤሊና ፍራንሲስ ማንጉብሃይ የተባሉ ተመራማሪዎች በ8 የገጠር ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ የ4ኛና የ5ኛ ክፍል ልጆች ለየክፍሉ 250 የሚማርኩ የእንግሊዝኛ የታሪክ መጻሕፍት እንዲቀርቡ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ዘገባ መሠረት፣ ልጆቹ ከ8 ወራት በኋላ በማንበብም በማዳመጥም ያሳዩት መሻሻል ከተለመደው እጥፍ ነበር።

እንግዲህ የያዙትን ልብ ወለድ መደርደሪያ ላይ ያሳርፉት፤ ሲደርሱበት ያገኙታል። ሌላ መጽሐፍ ሲመርጡ መካከሉን ገልጠው አንድ ገጽ ያንብቡ፤ የማያውቁት ቃል ከ6 ከበለጠ መልሰው ያስቀምጡት። በቀን 20 ደቂቃ፣ በደቂቃ 100 ቃላት ብቻ ቢያነቡ በዓመት 730,000 ቃላት ያልፉበታል፤ አስፈላጊዎቹ ቃላት እየተመላለሱ ራሳቸውን ያስተዋውቁዎታል። መዝገበ ቃላቱን አይጣሉት፤ ነገር ግን አንድ ቃል ለሦስተኛ ጊዜ መጥቶ መንገድ ሲዘጋብዎ፣ እሱንም ምዕራፉን ከጨረሱ በኋላ ይግለጡት፤ በደብተርዎም ቃሉን ከነሙሉ ዓረፍተ ነገሩ ይጻፉት። ሪፖርት እንደሚጽፉ ስለነገሩን ደግሞ፣ በሙያዎ ውስጥ አንድ ጉዳይ መርጠው ለጥቂት ሳምንታት ስለዚያ ብቻ የተጻፉ አጫጭር ጽሑፎችን ቢያነቡ መልካም ነው፤ ቃላቱ ስለሚደጋገሙ ለብዕርዎ ቶሎ ይደርሳሉ።

ጥያቄ፦ ትልቅ ሰው ሆኖ የሕፃናት መጽሐፍ ማንበብ አያሳፍርም? ደግሞስ ይጠቅማል?

መልስ፦ ኀፍረቱን ለእርስዎ እተወዋለሁ፤ ጥቅሙ ግን ብዙዎች እንደሚገምቱት አይደለም። እንግሊዝኛ አፍ የፈቱበት ልጆች መጽሐፍ ከመግለጣቸው በፊት በሺህ የሚቆጠሩ ቃላትን በጆሯቸው ያውቃሉ፤ ስለዚህ ለእነርሱ የተጻፈው ተረት የእንስሳት ድምፅና የቤት ውስጥ ቁልምጫ የሞላበት ነው፤ ለእኛ አንዳንዴ ከጋዜጣ ይከብዳል። የተሻለው ምርጫ ቋንቋውን በሁለተኛነት ለሚማሩ አዋቂዎች ቃላቱ ተመጥነው በደረጃ የተዘጋጁ መጻሕፍት ናቸው። ይህ አሠራር ረጅም ታሪክ አለው፤ በቅኝ ግዛት ዘመን በሕንድ ቤንጋል ያስተማሩት እንግሊዛዊው ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተሙት 2,000 ያህል አዘውታሪ ቃላትን የያዘ ዝርዝር ለብዙ አዘጋጆች መመሪያ ሆኗል። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮም እ.ኤ.አ. በ1959 በ1,500 ያህል ቃላት የተወሰነ ቀለል ያለ የእንግሊዝኛ ስርጭት ጀምሮ ነበር። ከኢንተርኔት በነፃ የሚገኙ ጥንታዊ ልብ ወለዶችን ግን ነፃ ስለሆኑ ብቻ አይምረጧቸው፤ የቅጂ መብት ዘመናቸው ያለፈው እነርሱም ስላረጁ ነው፤ ቋንቋቸውም አብሮ አርጅቷል።

ጥያቄ፦ ብዙ አነባለሁ፤ ስናገር ግን ሰው አይረዳኝም።

መልስ፦ በዓይን ብቻ የተማረ ሰው ቃሉን እንደ አጻጻፉ ይጠራዋል፤ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ደግሞ እንደ ፊደላችን ታማኝ አይደለም። ማወቅ ማለት የሆነው «ኖው» በ«ኬ» ፊደል ይጀምራል፤ «ኬ»ዋ ግን አትነበብም። ድምፅ ያለው መጽሐፍ ይፈልጉና መጀመሪያ ጽሑፉን እየተከተሉ ያዳምጡ፤ ከዚያ አንዱን አንቀጽ ከአንባቢው ጋር እኩል ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ። ለአንድ ሳምንት ያንኑ አንቀጽ አይለውጡት፤ ይሰለቻል፤ ቢሆንም አፍ የሚፈታው በድግግሞሽ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያናግርዎት ሰው ያስፈልጋል፤ ይህን ክፍተት መጽሐፍ አይሞላውም።